ሸረፋ የጠረበው ቃሬዛ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሽባባው፣

እንደምን ከርመሃል? መሰለችስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ቁርጥማቱስ በዚህ ክረምት ተሻለህ ወይስ እንደ አምናው አልጋ ላይ አዋለህ? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ጤናዬ ደህና ነው። ልቤ ግን አዝኗል፤ የዘገየሁብህም ስለዚህ ነው።

በሚያዝያ «ጡረታ ከወጣህ ምን ትጠብቃለህ? ሰው አገር ብትሞት ማን ይቀብርሃል?» ብለህ ብትጽፍልኝ፣ እድር አለኝ፣ አታስብ ብዬህ ነበር። አሁን እድር የለኝም። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከመነሻው ልንገርህ።

ሸረፋ የሚባል አናጢ ነበር። እዚህ ፉጋ እያሉ ከሚያገሏቸው፣ እንጨት ከሚጠርቡና ሸክላ ከሚሠሩ ሰዎች ወገን ነው። ከቡታጅራ እስከ መስቃን ገጠር ድረስ የብዙ ቤት ምሰሶ ያቆመው እሱ ነው፤ የእኔንም ጭምር። ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ደጃፉን አያልፍም። አንድ ቀን ገብተህ ተቀመጥ ብዬ ብለምነው፣ «ተዉኝ ጋሼ፤ እኔ የገባሁ ቀን ሌላ እንግዳ አያገኙም» ብሎ ሳቀ። ቆሏችንን ደፉ ላይ ቁጭ ብለን ቆረጠምን።

በሐምሌ ሸረፋ ሞተ። ልጁ ሀቢቡ መጥቶ የእድሩን ቃሬዛ ለመነ። ያንን ቃሬዛ የጠረበው ራሱ ሸረፋ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚሸኘው በእሱ ነበር። የእድሩ ዳኛ ሐጂ ሙስተፋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ታምሜ በተኛሁ ጊዜ ወተት ሳይልኩልኝ አይውሉም ነበር። ግን «መምህር፣ እኔ ብፈቅድ ነገ እዚህ ላይ አባቱን የሚያስተኛ ማን ነው?» አሉኝ። መንግሥት ቢሮ ብሄድ «የአገር ልማድ ነው፤ እኛን አይመለከትም» ተባልኩ። የእድሩ ጸሐፊ ስለነበርኩ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእጄ ነበርና ከፍቼ አወጣሁት። እኔ፣ ሀቢቡና ሁለት ዘመዶቹ ተሸከምነው። ሰው ሁሉ በየአጥሩ ሥር ቆሞ ያየናል። ብዙዎቹን ያስተማርኩ እኔ ነኝ፤ አንድም ትከሻ አልተጨመረልንም።

እሑድ እድሩ ተሰብስቦ አስወጣኝ። ቃሬዛውም ረክሷል፣ አዲስ ይሠራ ተባለ። ማን ይሥራው ሲባል ከሀቢቡ በቀር እጁ የሚታመን አናጢ ጠፋ። ካሳሁን የሚባል ቀልደኛ «ይጥረበው እንጂ እንዳይጋደምበት!» ቢል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሀቢቡም ሠራላቸው። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «እምቢ ብል ነገ ማን ያሠራኛል? ልጆቼስ ምን ይበላሉ?» አለኝ።

ይህን የጉራጌ አገር ጥፋት ነው ብለህ እንዳታልፈው። ማረሻህን የሚያበጅልህ ቀጥቃጩ ብርሃኔ፣ ቡዳ እየተባለ አይደል ያረጀው? እናታችን እሱ ሲመጣ እንጀራውን ትሸፍን ነበር። ከማኅበራችሁ ጽዋ አንድ ቀን ጠጥቶ ያውቃል? የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው፣ አንተ ነህ። መንግሥት እስኪያዝህ አትጠብቅ። ድግሱ አንተ ቤት ሲደርስ ብርሃኔን ጥራው፤ ከአጠገብህም አስቀምጠው። የሚቀየምህ ይኖራል፤ እኔም እያየሁት ነው።

ወደ አገር ቤት ና ያልከኝን ግን አልችልም። የጣሉትን ቃሬዛ አምጥቼ ሸረፋ ካቆመው ምሰሶ ላይ አስደግፌዋለሁ። ቀኔ ሲደርስ በእሱ ሸኙኝ ብዬ ለሀቢቡ ነገርኩት። እሺ አለኝና፣ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ እኮ ቤት ውስጥ መግባት ሊኖርብኝ ነው» አለ። አሁኑኑ ግባ አልኩት። ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

ለመሰለች፣ ለልጆቹ በየስማቸው፣ ለአክስታችንም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። የብርሃኔን ግን በሰው አትላክ፤ ራስህ ቤቱ ገብተህ አድርስልኝ።

ወንድምህ አለሙ

ቡታጅራ፣ ነሐሴ ፳፩ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.