ይቅርታ እየጠየቅክ የዞርክበት ሳምንት

ግርምዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ስጽፍልህ አራት ጊዜ ተነስቻለሁ። መቀመጥ አቅቶኛል፤ ጓዳ የተኛውን ሰው ደጋግሜ አያለሁ። ቱፋ ነው፣ አብሮህ የዘመተው የባቱው ዓሣ አጥማጅ።

ልጃችን ማርታ በቁመት በልጣኛለች። የአዳማ ሙቀት ያው ነው። ሰዉ ሁሉ ልብህ እንደገደለህ ነው የሚያውቀው፤ ለማርታም ለቱፋም ያልኩት ይህንኑ ነው። ራሱን አጠፋ ብል ፍትሐት ይከለክሉሃል ብዬ ፈራሁ፣ የሰውን አፍም ፈራሁ።

ያቺን የመጨረሻ ሳምንት ግን ከራሴ መደበቅ አልቻልኩም። ከግንባር ከተመለስክ ወዲህ ማንንም የማታናግረው ሰውዬ፣ ተነስተህ ቤት ለቤት ይቅርታ ስትጠይቅ ሰነበትክ። ስንት ዓመት የተኳረፍከውን ወንድምህን ሳይቀር። የሚያፈሰውን ቧንቧ ጠገንክ፤ ሳቅክ እኮ! እኔንም ያስቀየምኩሽ ካለ ይቅር በይኝ ስትለኝ አቅፌህ ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩህ። ባሌ ተመለሰልኝ ብዬ ስለት አስገባሁ። ለካ እየተሰናበትክ ነበር። በራሴ እናደዳለሁ። በአንተም እናደዳለሁ፣ አልደብቅህም።

ትናንት ጠዋት ቱፋ ዓሣ ይዞ መጣ። ታውቀዋለህ፣ በዓሣ ቀልድ የማያውቅ ንፉግ ነው። ጀልባውንና መረቡን ለእህቱ ልጅ እንደሰጠ ፈገግ ብሎ አወራኝ። ከዚያ ብድግ አለና ይቅርታ ጠየቀኝ።

በሩን ዘግቼ ቆምኩበትና አንተን አጋለጥኩህ። ልቡ አልነበረም፣ ራሱን ነው ያጠፋው፣ አንተስ አስበሃል ወይ አልኩት። አዎ ብሎ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ መድኃኒትና ቀጠሮ ሰጠው፣ ለብቻው እንዳንተወውም አዘዘን። እህቱ ዛሬ ከባቱ ትመጣለች።

ማርታ ሁሉንም ሰምታለች። ዋሸሽኝ ብላ ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም፤ ግን ለቱፋ ቁርሱን ያቀረበችው እሷ ናት።

ከእንግዲህ ልቡ ነው አልልም። ለጠየቀኝ ሁሉ፣ በተለይ ከግንባር የተመለሰ ሰው ቤቷ ላላት ሁሉ፣ ያቺን ሳምንት እናገራለሁ። የማስታውስህ እንደዚያ ነው።

ቱፋ ዛሬም ይቅርታ ጠየቀኝ። በየሳምንቱ እየመጣህ ለምነኝ አልኩት። አንተን በአንድ ቃል ይቅር ብዬህ ነበር፤ እሱን ግን ገና አላልኩትም።