ጽሑፌን አንደኛ፣ ትምህርት ቤቴን መጨረሻ ላደረጋችሁልኝ

ይድረስ ለተከበራችሁ የነጻ ብሎግ መድረክ አስተዳዳሪዎች፤

ከነሠራተኞቻችሁ፣ ከነኮምፒውተሮቻችሁ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ማንያህልሻል ወልደሚካኤል፣ ኮሎምበስ ኦሃዮ፣ ሞርስ ሮድ ላይ እናቶችን መኪና መንዳት የማስተምር ሴት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከድካም በስተቀር ደህና ነኝ። የሌላውን ሰው ጽሑፍ ቤት ሰጥቶ ማኖር ቀላል ሥራ እንዳልሆነ ስለምረዳ፣ ጊዜያችሁን በመሻማቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ እንግዳ ተቀባይነታችሁ አመሰግናለሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ ብሎግ የሌለውን ቢዝነስ ማንም አያገኘውም ሲባል ሰምቼ፣ የራሴ ድረ ገጽ እያለኝ፣ ነጻ ነው ብዬ እናንተ ዘንድ መጻፍ ጀመርኩ። ለመንጃ ፈቃድ ፈተና በሚደረደሩት የፕላስቲክ ኮኖች መካከል ወደ ኋላ እንዴት እንደሚወጣ፣ በረዶ ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ፣ ፖሊስ ሲያስቆም እጅ የት እንደሚቀመጥ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እየጻፍኩ አስረከብኳችሁ። ጽሑፎቹ ተወደዱ። ዛሬ በኮሎምበስ በአማርኛ መንዳት መማር የሚፈልግ ሰው ስልኩ ላይ ቢፈልግ፣ ከሁሉ በላይ የሚመጣለት የእኔ ጽሑፍ ነው፤ በእናንተ አድራሻ። ትምህርት ቤቴ ራሱ ግን ከፍለጋው ውጤት ማንም ወርዶ የማያየው ገጽ ላይ ነው ያለው። ልጄ አርሴማ፣ እኔ በአማርኛ ስጠይቃት እሷ በእንግሊዝኛ እየመለሰች፣ ጽሑፍ በማን አድራሻ ላይ ከተቀመጠ ክብሩም የሚቆጠረው ለዚያው አድራሻ መሆኑን አስረዳችኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን አላይ ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችንን በአንድ ልብ ስላሠራችሁልን አመሰግናለሁ። ትምህርት ቤቴ ወደ ታች መውረዱን ለማኅበሩ ሴቶች ባማክራቸው፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አሉና፣ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ስልካቸውን አውጥተው ፈለጉልኝ፤ ስሜን ከላይ ሲያዩ ደስ እያላቸው ተጫኑት። በየእሑዱ እንዲሁ አደረጉ፤ ሲያትል ድረስ ላሉ ዘመዶቻቸውም ላኩት። የተጫኑትና የላኩት ግን የእናንተን አድራሻ ነበር። ጽሑፉን ከፍ ባደረጉት ቁጥር ትምህርት ቤቴን ከሥሩ እየቀበሩት መሆኑን አንዳችንም አላወቅንም። ለለቅሶ ቤት የመጣ ምግብ ተሳስቶ ጎረቤት ሲገባ ያየ ሰው ስሜቴን ይረዳልኛል። እስከ ዛሬ ተዉ ልላቸው ይሉኝታ ይዞኛል።

ሦስተኛ፣ ከጽሑፌ ሥር ስለምታወጡት ማስታወቂያ። ሰሞኑን የሚታየው ፖላሪስ በሚባለው ሰፈር ያለ የሌላ ማሠልጠኛ ነው፤ እነሱን አልወቅሳቸውም፣ ሠርተው ይብሉ። በዲቪ የመጣችው ሉሊት ግን ጽሑፌን አንብባ፣ ከሥሩ ያለው የእኔ መስሏት እዚያ ተመዘገበች። ቤተ ክርስቲያን አግኝታኝ አቅፋ ሳመችኝና፣ «እትዬ፣ የላኩልኝ አስተማሪ አማርኛ ባይችልም ጎበዝ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። እኔ ማንንም አልላክሁም። ምን ልበላት? አሜን አልኩ።

አራተኛ፣ ጽሑፎቼን ጠቅልዬ ወደ ራሴ ድረ ገጽ ለመመለስ ሞክሬ ነበር። የኢንተርኔቱ መፈለጊያ ቀድሞ ያየው የእናንተን ስለሆነ፣ ከራሴ ጽሑፍ የገለበጥኩ ሰው ሆኜ ቀረሁ። በእናንተ በኩል የሚመጣውን አንባቢ ወደ እኔ አድራሻ ብቻ እንድትመሩልኝ በትሕትና ስጠይቅ፣ ብዙ ከሚነበቡ ጸሐፊዎቻችሁ አንዷ በመሆኔ እንኳን ደስ ያለሽ የሚል መልስ ላካችሁልኝ። እንኳን አብሮ ደስ አለን። በዚሁ ደስታ መካከል አብራኝ ታስተምር የነበረችው የምሥራች ተማሪ ስላጣች የመጋዘን ሥራ ገብታለች፤ ሁለተኛዋን መኪና ሸጫለሁ። በረዶው ሲያልቅ ተማሪ ካልመጣ በሩን እዘጋለሁ። ይህን ስጽፍ ልቤ ይደማል፤ ቀልድ አይደለም።

አምስተኛም ነበረኝ። ደከመኝ፤ ይቅር።

መድረካችሁ ከፍ ከፍ ይበል፤ እኛ ከታች ሆነን እንደግፋለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጽሑፏ የታወቀላት፣ ትምህርት ቤቷ የጠፋባት፣ ያለ ደመወዝ የምታገለግላችሁ፣
ማንያህልሻል ወልደሚካኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በመጀመሪያ ያወጣሁት በራሴ ድረ ገጽ ላይ ነበር። ከአርሴማ በቀር ያነበበው ስላልነበረ ወደ እናንተ አምጥቼዋለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው አንደኛ እንደሚወጣ አልጠራጠርም። እናንተ ደግሞ መንዳት ለመማር ፈልጋችሁ እዚህ የደረሳችሁ ወገኖቼ፣ ከዚህ በታች በማስታወቂያው የሚታየው እኔ አይደለሁም። ስልካችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ ሞርስ ሮድ ላይ ሰው ጠይቁ፤ እስካሁን አልዘጋሁም።