የአባቴን ቢጫ ጠርዝ ግራጫ ላደረጉልን ኃላፊ

ለተከበሩ የአካባቢ ውበትና ገጽታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ደብዳቤውን ከፍተው የሚያቀርቡልዎት ጸሐፊም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ልባዊ ምኞቴ ነው። በሰላም ተኝተው በሰላም እየተነሡ እንደሆነም አልጠራጠርም፤ እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ጠረጴዛዎ ላይ እንዳይደርስ በመካከል ሰባት መስኮት እንዳለ በእግሬ ዞሬ አረጋግጫለሁና።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት የሠራሁ፣ ለኃላፊዎች ስፍር ቁጥር የሌለው የአክብሮት ደብዳቤ የተየብኩ ሴት ስለሆንኩ፣ ወጉን ጠብቄ ጉዳዩን ከአናቱ አስቀምጣለሁ። ጉዳዩ፦ ስለ ሦስት ደረጃዎች፣ ስለ አንድ ባልዲ ግራጫ ቀለምና ስለ አባቴ የተሰበረ ዳሌ ነው። ደብዳቤው በአደባባይ የተጻፈበትን ምክንያትም ከታች ያገኙታል፤ በእጄ ይዤ ያስገባሁልዎት የት እንደደረሰ አይተናልና።

አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ በሲሚንቶ ሥራ ያሳለፉ፣ ሰፈርተኛው «አባ ሊሾ» እያለ የሚጠራቸው የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ከቤታችን በር እስከ ግቢው በር የሚወስደውን መተላለፊያ፣ ከዚያም ወደ መንገዱ የሚያወርዱትን ሦስት ደረጃዎች የዛሬ ሠላሳ ዓመት በገዛ እጃቸው ሠርተዋል። የቀለም ዱቄት ከሲሚንቶው ጋር አዋህደው ቀይ ሸክላ አስመሰሉት፤ ሳይደርቅ ራሳቸው ከእንጨት በቀረጹት ማተሚያ እየተጫኑ የጥርብ ድንጋይ መልክ ሰጡት፤ በየደረጃው ጠርዝ ላይ ደግሞ አራት ጣት የሚሰፋ ቢጫ መስመር አሰመሩበት። ያኔ ቢጫው ለጌጥ ብቻ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች «ደረጃም እንደ ቀሚስ ጥለት ያምረዋል እንዴ» እያለች ትስቅባቸው እንደነበር አስታውሳለሁ።

ከስድስት ዓመት ወዲህ ግን የአባቴ ዓይን እየጠበበ መጣ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቀዋለን አሉን። ዛሬ አባቴ ሰውን በመልክ አይለዩም፤ ደማቅ ቀለም ግን ይታያቸዋል። ለጌጥ የተሰመረው ቢጫ መሪያቸው ሆነ። በየጠዋቱ ማንም ሳይዛቸው መተላለፊያውን ተከትለው፣ ቢጫውን እያዩ ሦስቱን ደረጃ ይወርዳሉ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ወዳጃቸው ከሱቁ ወጥቶ ያሻግራቸዋል። እዚያ ሬዲዮ ያዳምጣሉ፣ ፊቱ አረፋ ከተቀባ ደንበኛ ጋር ይከራከራሉ፣ ለምሳ ይመለሳሉ። ለእርስዎ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለአባቴ ግን ሰው ሆነው የሚውሉበት ግማሽ ቀን ይኸው ነበር።

ፀሐይ ደግሞ ለማንም አታደላምና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀለሙን ስትመጠው ኖረች። ቀዩ የደረቀ አፈር መሰለ፣ ቢጫው ነጣ። ባለፈው ዓመት አባቴ ሁለተኛውን ደረጃ ስተው ጉልበታቸው ተላጠ። ሹፌር የሆነው ወንድሜ ደንግጦ «ከእንግዲህ ብቻዎን አይወጡም» ቢላቸው፣ ቁስላቸውን እያጠብኩላቸው «እግሬ አልደከመም፤ የደከመው ቀለሙ ነው» አሉት። ነገሩን ስናየው እውነታቸውን ነበር።

እናም ቀለሙን መለስነው። ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። ወንድሜ የዓመት ፈቃዱን ወሰደ፤ እኔ ጡረተኛ ነኝና ፈቃድ አላስፈለገኝም፤ አባቴ መተላለፊያው ዳር ወንበር አስቀምጠው በጆሯቸውና በመዳፋቸው ያሠሩን ጀመር። የተላላጠውን አሮጌ ቫርኒሽ በማስለቀቂያ አረጠብነው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግነው፣ በሳሙና አጠብነው። ከደረቀ በኋላ አባቴ በጣታቸው ውሃ ጠብ እያደረጉ ይዳስሱት ነበር። ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከተቀመጠ «ገና ነው፣ አልተጠማም» ይሉና ወንድሜን እንደገና ያንበረክኩታል። ሲሚንቶው ውሃውን ጠጥቶ ሲጠቁር ብቻ ቀለሙን አስጀመሩን፤ ቀዩን በስሱ ሁለት ጊዜ ረጨነው። ቢጫውን ግን ሦስት ጊዜ በጥብጠን ሦስት ጊዜ አፈረሱብን። በአራተኛው ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ፤ ከግቢው በር ላይ ቆመው ቁልቁል አዩና «አሁን መጣ» አሉ። የመጨረሻውን ቫርኒሽ ስንቀባ ደቃቅ አሸዋ አስጨመሩን፤ ዝናብ ሲነካው እንዳያንሸራትት ነው። በማግሥቱ አባቴ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። እኔ ከመስኮት፣ ወንድሜ ከበሩ ኋላ ተደብቀን አየናቸው፤ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ነበር የወረዱት። ይህ ደስታ ሃያ ስድስት ቀን ቆየ። ቆጥሬዋለሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ለቤተሰባችን ያደረጉልንን ውለታ በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. በሃያ አራተኛው ቀን በግቢያችን በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፉልን። ከመንገዱ ጋር የሚዋሰን ማንኛውም ደረጃና የእግር መንገድ ወጥ ገጽታ ይኖረው ዘንድ ግራጫ እንደሚቀባ፣ ቅሬታ ያለውም በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይላል። ስለ ሦስቱ ቀን ከልብ አመሰግናለሁ፤ እኔ ግን አንዱ በቃኝ። በዚያው ቀን የሐኪሙን ወረቀት አያይዤ፣ ቢጫው ለምን እንዳስፈለገ በአንድ ገጽ ጽፌ ይዤ መጣሁ። መስኮት ሁለት ወደ መስኮት አምስት፣ መስኮት አምስት ወደ መስኮት ሦስት መራኝ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ እግር ሠራተኛ ደብዳቤዬን ተቀብላ «ገቢ» የሚል ማኅተም መታችበትና «አይዞሽ እናቴ፣ ቅሬታ ካለ ሥራው ይቆማል» አለችኝ። አመንኳት። እሷም ያመነችበትን ነው የነገረችኝ ብዬ አስባለሁ።

፪ኛ. ሦስቱ ቀን ሳይሞላ፣ በሁለተኛው ቀን ሠራተኞችዎን ላኩ። ለቅልጥፍናዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መቼም አንድ መሥሪያ ቤት ከቀጠሮው ቀድሞ ሲገኝ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

፫ኛ. እኔ ለአባቴ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ነበር። የሆነውን በኋላ አባቴም ፀጉር አስተካካዩም ነገሩኝ። አባቴ የሮለሩን ድምፅ ሰምተው ወደ በሩ መጡ፤ ሽታውንም ዐወቁት። ለሠራተኞቹ አለቃ «ልጄ፣ ይኼ የዘይት ቀለም ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው እንደ ሳሙና ነው። ካልቀረ አሸዋ ጣል አድርጉበት፤ ጠርዙን ደግሞ ተዉልኝ፣ በእሱ ነው የማየው» አሉት። አለቃውም በአክብሮት «አባባ፣ እኛ የታዘዝነውን ነው» አላቸው፤ ቅሬታ አስገብተናል ሲሉትም ወረቀቱን ገልጦ አየና «እዚህ ላይ የለም» አለ። ሐሰት አልተናገረም። ማኅተም የተመታበት ደብዳቤዬ መስኮት ሦስት ጋ ቁጭ ብሎ ነበር። እናም ሠላሳ ዓመት የኖረውን፣ ዘጠኝ ቀን ተንበርክከን የመለስነውን ቀለም በአርባ ደቂቃ ውስጥ በሦስቱም ደረጃ ላይ ከላይ እስከ ታች ግራጫ አለበሱት። ጠርዙንም ጭምር።

፬ኛ. በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ አካፋ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። አባቴን «ዛሬ ይቅርብዎ» ብያቸው ነበር፣ «እሺ» ብለውኝም ነበር፤ ግን ሠላሳ ዓመት የወረዱትን፣ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ደረጃ ሊፈሩት አልቻሉም። ከመተላለፊያው ቀይ ጫፍ ላይ ደርሰው ቆሙ። ከዚያ በታች ለእሳቸው ምንም አልነበረም፤ ደረጃውም፣ መንገዱም፣ ደመናውም አንድ ግራጫ ነው። የመጀመሪያውን ገምተው ወረዱ። ሁለተኛው ላይ እግራቸው ከዳቸው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጥሎ ሲሮጥ በወጥ ቤቱ መስኮት አይቼ ነው እኔ የወጣሁት። አባቴ ጮኸው አልጠሩኝም። በጎናቸው ወድቀው በመዳፋቸው ደረጃውን ይዳስሱ ነበር፤ «ጠርዙ የት ነው? ጠርዙን የት ወሰዱት?» ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ፣ ትሕትናዬ ጥቂት ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት «በታላቅ አክብሮት» እያልኩ ስተይብ ቃሉን ሰርዤ አላውቅም ነበር። ዛሬ ሰረዝኩት። አባቴ ለዚህ ከተማ የስንቱን ቤት ወለል ሠርተዋል፤ ምናልባት እርስዎ ጫማዎን አውልቀው የሚገቡበትን ቤትም ጭምር። አንድ ሰው ሊያየው የቀረውን አንድ ቀለም ነጥቆ ሥራዬ ውበት ነው የሚል መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው ቋንቋ ክቡር እንደሚባል አላውቅም።

፭ኛ. ዳሌያቸው በቀዶ ጥገና በብረት ተያያዘ። ሃያ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኙ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ በክብር ደረሰን። ፊርማው የእርስዎ ነው፤ እጅግ ያማረ ፊርማ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ያቀረቡት ቅሬታ ተመርምሮ ተቀባይነት ያገኘ ስለሆነ ደረጃዎቹ በነበራቸው ቀለም እንዲቆዩ የተፈቀደ መሆኑን እንገልጻለን።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩላቸው። አባቴም «የትኛው ነው የሚቆየው? ግራጫው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱን እርስዎ ቢሰጡልኝ በወደድኩ።

አሁን ያለንበትን ባጭሩ ልግለጽ። አባቴ ቤት ገብተዋል። በአራት እግር መደገፊያ እስከ በረንዳው ይደርሳሉ፤ ሐኪሙ ደረጃ ብቻቸውን ይወርዳሉ ብለው ተስፋ አልሰጡንም። ፀጉር አስተካካዩ በየቀኑ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ወደ እሳቸው ይሻገራል፤ እዚያው በረንዳው ላይ ይከራከራሉ። አንድ እሑድ ደግሞ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍተው ያ የሠራተኞቹ አለቃ ነው። የሥራ ልብሱን አልለበሰም፤ መፋቂያና የሽቦ ብሩሽ በፌስታል ይዟል። ወንድሜ ሲያየው ደሙ ፈልቶ ነበር፤ ሰውዬው ግን ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ «አባባ ነግረውኝ ነበር። እኔ የሰውየውን ቃል ትቼ ወረቀቱን ሰማሁ። ዛሬ ማንም አላዘዘኝም» አለ። ከዚያ ተንበረከከ። ሦስት እሑድ መጥቷል። ወንድሜም በሁለተኛው እሑድ አጠገቡ ተንበረከከ። የዘይት ቀለሙ ወደ ውስጥ ስለጠለቀ ቀዩ እንደ ቀድሞው ጠርቶ አይወጣም፤ ቢጫው ግን ከሞላ ጎደል ወጥቷል። ማን ሊያየው እንደሆነ ግን እኛም አልተነጋገርንበትም።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። ቅሬታ የገባበት ደጅ መልስ ሳያገኝ ሮለር እንዳይነካው ያድርጉ፤ በዚህ መንገድ ላይ ዓይኑ የደከመ፣ እግሩ የከበደ ሰው በአባቴ ቤት ብቻ ያለ እንዳይመስልዎት። ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ መልእክተኛ ሳይልኩ፣ ደብዳቤ ሳይጽፉ፣ ራስዎ መጥተው በረንዳው ላይ አባቴ ፊት ተቀምጠው ይቅርታ ይጠይቁልኝ። መልክዎን አያዩትም። ድምፅዎን ግን ይሰማሉ፤ ከልብ የወጣውንና ከደንብ የወጣውን ለመለየት ጆሯቸው በቂ ነው።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ሰጥቶ፣ እርጅናም ሲመጣ በሚያውቅዎት ሰው መካከል አድርጎ፣ የሚረግጡትን ሁሉ ደረቅ ያድርግልዎ እያልኩ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ትጋት፣ ለፊርማዎ ውበትና ለግራጫ ቀለምዎ ዘላቂነት ያለኝን የማይነቀል ስሜት በትሕትና እገልጻለሁ።

የአባ ሊሾ ልጅ፣
የቀድሞ ጸሐፊ፣
የሦስቱ ደረጃዎች ነዋሪ

ግልባጭ፦
— መንገዱን ለሚጠቀም ሁሉ
— ለመስኮት ሦስት

ማስታወሻ፦ መልስዎ እንደደረሰኝ ለመፈረም ባለፈው ሳምንት ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር። የመግቢያውን አምስት ደረጃዎች ልብ ብዬ ያየኋቸው ገና ያን ቀን ነው፤ በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ አዲስ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፣ አሸዋም አለበት። ማን አሠራው ብዬ ዘበኛውን ብጠይቀው «ኃላፊያችን አምና እዚህ ጋ ተደናቅፈው ለጥቂት ነው የተረፉት፤ በማግሥቱ አሠሩት» አለኝ። እንኳን ተረፉ። ቢጫ ምን እንደሚሠራ አያውቁም ብዬ በአንድ ገጽ ሙሉ ስላስረዳሁዎት ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ።