በአንድ ጆሮ ያገኘሁት መንጃ ፈቃድ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስወጣ ያዝ ያደርገኛል ያልሽው በእርግጥ ተሽሎሻል ወይስ እኔ እንዳላስብ ብለሽ ነው? ጋሼስ ደህና ነው? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም የጎደለብኝ የለም። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ግን ይህን ወሬ በእጅሽ ይዘሽ ደጋግመሽ እንድታነቢው ስለፈለግሁ በወረቀት አደረግሁት።

እህትሽ የአውቶቡስ ሹፌር ሆነች! አዎ፣ ያቺው በብስክሌት የጎረቤት አጥር ጥሳ የገባችው እህትሽ።

ከሥሩ ልንገርሽ። የመንጃ ፈቃዱን የጽሑፍ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄ ደብቄሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ። ሦስተኛው የመጨረሻዬ ነው፤ እሱንም ከወደቅሁ ለሁለት ዓመት በሩን አያስረግጡኝም። አውቶቡስ ድርጅቱ ደግሞ ሴት ሹፌሮችን የሚቀበለው ዘንድሮ ብቻ ነው። መጽሐፉ እንደ ጡብ የወፈረ፣ በዚህ አገር ቋንቋ የተጻፈ ነው። ቋንቋውን ስሰማው ይገባኛል፤ ሳነበው ግን አንዱን ገጽ ጨርሼ ስገልጥ የፊተኛው ብን ብሎ ይጠፋል። እንደምታውቂው ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ ነው የምውለው፤ ቤት ስገባ ዓይኔ አልገለጥ ይላል።

መላውን ያመጡት ከእኔ በታች ካለው ፎቅ የሚኖሩት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው። «ጆሮሽ ከዓይንሽ የሚጎብዝ ከሆነ ለምን በጆሮሽ አታጠኚም?» አሉኝና መጽሐፉን ከነጥያቄና መልሱ እያነበቡ ስልኬ ላይ ቀዱልኝ። ሳላቸውም፣ የስፌት መኪናቸው ኳኳታም፣ አንዴማ ስለ ሱሪ እጥፋት ከደንበኛ ጋር የተጨቃጨቁትም አብሮ ተቀድቷል። እኔም ስልክ ጠጋኙ ደጃፍ ላይ እንደ ከረሜላ ተደርድሮ ከሚሸጠው ገመድ አልባ ኢርፎን ርካሹን መርጬ ገዛሁ። ሁለት ባቄላ በይው። ሣጥኑ ውስጥ ሲተኛ ይሞላል፣ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ያወራል። ባትሪው ቶሎ ስለሚደክም አንዱን እያዳመጥኩ ሌላውን አስሞላለሁ።

ከዚያ በኋላ ልብስ ሰፊው ከጆሮዬ አልወረዱም። ሰሃን ሳጥብ እሳቸው፣ ገበያ ስሄድ እሳቸው። መንገድ ላይ መልሱን ጮክ ብዬ ስናገር ሰዉ ገለል እያለ ያሳልፈኝ ነበር። ሥራ ቦታ ስልክ መያዝ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ስልኩን ኪሴ ውስጥ ደብቄ ኢርፎኑን ሻሼ ሥር ሸሸግሁት።

አንድ ቀን ታዲያ ሁለቱንም ሰክቼ የቆሸሸ አንሶላ ወደ ማጠቢያው ሳስገባ የግራው ከጆሮዬ ሾልኮ አብሮ ገባ። በሩ ተዘጋ፣ መኪናው መዞር ጀመረ። ሳይታወቀኝ ጮህኩ። አለቃችን መጣች፤ ፊቷ ስለማይፈታ «ብረቷ» ነው የምንላት። ምን ሆንሽ ስትለኝ ጣቴን ወደ ማጠቢያው ቀሰርሁ። ሻሼን ገለጥ አድርጋ የቀኙን አወጣችና ከራሷ ጆሮ ሰካችው። ዛሬ አበቃልኝ አልኩ። አዳመጠች፣ አዳመጠችና፦

«አደባባይ ላይ ቅድሚያ የማን ነው?» አለችኝ።

እንደምንም መለስኩላት።

«ልክ ነሽ። እኔ ይህን ፈተና አንዴ ወድቄ በዚያው ቀረሁ። አንቺ ግን እንዳትተዪው» ብላ ኢርፎኑን መለሰችልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመተኮሻው አጠገብ ባለፈች ቁጥር አንድ ጥያቄ ትወረውርልኛለች። አንሶላ አጣፊዎቹም ገቡበት፤ ስሳሳት ይስቁብኛል፣ ስመልስ ያጨበጭባሉ። የግራው ኢርፎን ከማጠቢያው እንደ እንቁላል ነጥቶ ወጣ፤ ድምፁ ግን በዚያው ቀረ። የቀረውን መጽሐፍ በአንድ ጆሮ ጨረስኩት።

ፈተናው ላይ ምን ሆነ መሰለሽ? ጥያቄውን ሳየው የልብስ ሰፊው ሳል ይመጣብኛል። «ኡህ ኡህ» ካሉ በኋላ ያሉት ሁለተኛውን መልስ ነው፤ ሱሪው ላይ የተጨቃጨቁት የዝናብ ቀን ፍጥነት ላይ ሲደርሱ ነው። እየሳቅሁ ጻፍኩ! ከአርባው ሠላሳ ስምንቱን አገኘሁ። ወረቀቱን የሰጠኝን ሰውዬ አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም። የመንዳቱን ፈተናማ መሪው አንዴ በእጄ ከገባ ማን ይችለኛል፤ በመጀመሪያው አለፍኩ።

አውቶቡስ ድርጅቱም ተቀብሎ ካሠለጠነኝ በኋላ ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን መንገደኛ ጭኜ ወጣሁ። ኢርፎን ለሹፌር ክልክል ነው፣ ተገቢም ነው፤ ጆሮዬን ባዶ አድርጌ ተቀመጥኩ። ማጠቢያ ቤቱ ፌርማታ ስደርስ አንሶላ አጣፊዎቹ በሙሉ ተሰልፈው እልል አሉ፤ ብረቷ ከፊት ሆና፣ ጥርሷ እስኪታይ ስቃለች። መጨረሻው ፌርማታ ላይ አንዲት የማላውቃቸው ባልቴት ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ሲወርዱ ዞር አሉና «ደህና ዋይ፣ ሹፌር» አሉኝ። እትዬ፣ በሩን ሳልዘጋ ትንሽ ቆየሁ።

ለጋሼ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የሴት መንዳት ላይ ሲያሾፍ የኖረው እንግዲህ እኔን አስቦ ይተው። ትልቋን ልጅሽን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ ለትንሹ የአውቶቡሴን ፎቶግራፍ ልኬያለሁ። አክስቴን እጅ እነሣለሁ፤ ምርቃታቸው ደርሶልኛል በያቸው። አንቺን ግን ከሁሉም አስበልጬ እስክጠግብ ስሜሻለሁ።

ታናሽ እህትሽ ሹፌሯ

ከአውቶቡስ ማደሪያው፣ ከስምሪት በፊት
ሰኔ ፲፬ ቀን