ለአማቴ፣ ስለ ጉበቴ

ውድ እማማ፣

ፖስታውን ሲያዩ እንዳይደነግጡ፤ ልጅዎ ደህና ናት። የምጽፈው እኔው አማችዎ ነኝ። ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ስህተት በማረም የምኖር ሰው ነኝ፤ ለአማት የምስጋና ደብዳቤ ግን አርሜም ጽፌም አላውቅም። እንደሚያውቁት ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ ሆድና ጀርባ ነበርን።

ደሜ ውስጥ ሄፓታይተስ ሲ ተገኘ የተባለ ሰሞን ልጅዎ ኩባያዬ ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሰረች። ሳህኔና ማንኪያዬም ከዘመዶቻቸው ተለይተው መስኮት ሥር ተሰደዱ። ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት ትንሿ ልጄ እንደ ልማዷ ጭኔ ላይ ልትወጣ ስትል፣ "ተይ! አባዬን አትንኪ!" መባሏን ነው። በሩ ጋ ቆማ፣ አውቶቡስ የተሳፈረ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው እጇን አወዛወዘችልኝ። በዚያ ሳምንት አብዝቼ ጠጣሁ። "በሽታው መቼም ይዞኛል፣ መጠጡ ከዚህ በላይ ምን ያመጣል?" የሚል ፍልስፍና ነበረኝ።

እርስዎ ደግሞ ፍርድዎን ጨርሰው ነበር፤ "መጠጡ ነው ያመጣበት፣ ስንቴ ተናገርኩ!" ሐኪሟ ዘንድ አብረውኝ የሄዱትም ይህንኑ በሐኪም አፍ ለመስማት እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

"ዶክተር፣ መጠጥ ነው አይደል?" አሉ፣ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ።

"አይደለም እናቴ። ቫይረስ ነው፤ የሚተላለፈው በደም ነው። በልጅነቱ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ደም ወስዷል፤ ያኔ ሳይሆን አይቀርም።"

ፊትዎ ላይ ያየሁት ሐዘን ከልብ ነበር።

"እና መጠጡ ምንም አያደርገው?"

"እሱማ ያደርገዋል! ቫይረሱ ጉበቱን እየጎዳው ነው፤ መጠጥ ሲጨመርበት ጠባሳው ይፈጥናል። ቫይረሱን መድኃኒት ሊያጠፋለት ይችላል። መጠጡን ማቆም ግን የራሱ ፋንታ ነው።"

ነፍስዎ መለስ አለች። ያን ጊዜ ነው እኔ ፈርቼ ያልጠየቅሁትን የጠየቁልኝ። "ኩባያውስ? ልጁን መሳሙስ?"

"በኩባያ፣ በማቀፍ፣ በመሳም አይተላለፍም። ይልቅ ደም የሚነካውን ዕቃ አትጋሩ፤ ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫ፣ የጥርስ ብሩሽ።"

ቤት እንደገባን ባለ ቀይ ክሯን ኩባያ አነሡ፤ ውኃ ሞልተው ቆመው ጠጡ።

"እማ! የሱ እኮ ነው!" አለች ልጅዎ።

"አላየሁም አልኩሽ?"

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብተው አንድ መላጫ ይዘው ወጡ። "ይሄ የማን ነው?"

"የኔ" አልኩ።

"የኔም" አለ እኛ ዘንድ የሚኖረው ታናሹ ልጅዎ፣ አገጩን እየዳበሰ።

ኩባያዬን ያሰደደ ቤት በአንድ ምላጭ ሁለት ወንድ ይላጭ ነበር! "አንተ ጅል! ነገ ተመርመር፤ ዛሬውኑ ደግሞ የራስህን ግዛ!" አሉት። ተመረመረ፤ ነፃ ሆነ። ከኪሱ ሳንቲም የማይወጣው ልጅ መላጫ ገዛም፤ ይህን የሰማ ጓደኛው ሁሉ አላመነም።

ልጄን ብድግ አድርገው ጭኔ ላይ ያስቀመጧት ያን ዕለት ነው። "ያዢው አባትሽን፣ እንዳያመልጥ" አሏት። እኔን አላዩኝም። ቢያዩኝ ኖሮ ዓይኔን ለመጥረግ ሰበብ ባጣሁ ነበር።

መድኃኒቱን በምወስድባቸው ወራት ከሥራ ስወጣ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላዎን ተደግፈው አገኝዎት ነበር። ባልደረቦቼ "ዘብህ መጣች" ይሉኛል። አንዱ ደፍሮ "እማማ፣ አንዲት ብቻ ቀምሶ ይመጣል" ቢልዎ፣ "አንዲቷን ለኔ ስጡኝ፣ የኔ ጉበት ጤነኛ ነው" አሉት። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ለግብዣ ደፍሮ የጠራኝ የለም።

ትልቋ ልጅዎ ዘንድ ከሄዱ በኋላ ውጤቴ መጣ። ቫይረሱ የለም። ጠባሳው ግን አለ፤ ሐኪሟም ስለ መጠጡ ቃሏን አላጠፈችም። ዜናው ማተሚያ ቤት ሲሰማ ሁሉም "ይሄማ ሳይጠጣበት አያልፍም!" ብለው ከበቡኝ። ዘቤም በር ላይ አልነበረችም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ጉሮሮዬ ፈለገ። "እናንተ ጠጡልኝ" ብዬ ወጣሁ።

ሲመችዎ ይምጡ። የሚነቅፉት ሌላ ብዙ ነገር አለኝ፤ ለእርስዎ ብዬ አስቀምጬዋለሁ።

ማንም ሳይጠብቀው ቀጥ ብሎ ቤቱ የገባው፣
አማችዎ