የሀጀርን መርዶ ንገሩን

ለተከበሩ የትልቁ የቴክኖሎጂ ኩባንያ የሠራተኛ ቅጥር ኃላፊ
ቦሌ፣ የመስታወቱ ፎቅ፣ ዘጠነኛ ወለል

ግልባጭ፦ ለጥበቃው ለአቶ አምላኩ፣ ከፎቁ ሰው ሁሉ ጆሮ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ

የተከበሩ ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ልጆችዎ ደህና ናቸው? ወገብዎስ? ወንበራችሁ ጥሩ ስለሆነ ወገብዎ ደህና ነው ብዬ አምናለሁ፤ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ የሚጽፍ ጣትም ይጨምርልዎ። እኔ ሐሚዳ እባላለሁ፣ የሀጀር አያት ነኝ፣ ቦሌ ሚካኤል ከብየዳ ቤቱ አጠገብ ነው የምኖረው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ፤ እናንተ የተማራችሁት በአራት ወር አንድ መስመር መጻፍ ካቃታችሁ፣ እኔ በሁለት ቀን ይሄን ያህል መጻፌ እንደ ተአምር ይቆጠርልኝ። ደብዳቤውን ሰው ሁሉ እንዲያየው ያደረግኩትም ለብቻችሁ ብልከው የት እንደሚገባ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መስተንግዶው እናመሰግናለን። ሀጀርን በስልክና በኮምፒውተር ሦስት ጊዜ ፈትናችሁ ስታበቁ፣ አሁን ደግሞ በአካል ነይ፣ ቀኑን ሙሉ ነው አላችኋት። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ የማታውቀው ቤት ቀኑን ሙሉ ብቻዋን አትላክምና አብሬያት መጣሁ። እሷን ቁጥር ዐሥራ አራት የሚል የእንግዳ ካርድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላችሁ ወደ ላይ ወሰዳችኋት፤ እኔ ታች ነጩ ሶፋ ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰው "ምን ፈልገው ነው እናቴ?" ሳይለኝ ዋልኩ። አቶ አምላኩ ብቻ ውሃ አመጣልኝ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባም የምሰግድበት ቦታ አሳየኝ። እሱን ስንት ክፍል አስገብታችሁ እንደፈተናችሁት አላውቅም፤ ሳይፈተን ገብቶ ከሆነ ግን ፈተናውን ተዉት።

ሁለተኛ፣ ልጄን አምስት ክፍል እያዞራችሁ ስለጠየቃችኋት እናመሰግናለን፤ ለትዳር እንኳ ይሄን ያህል አይጠየቅም። ነጭ ሰሌዳ ላይ አስጻፋችኋት፣ አሳምራ ጻፈችላችሁ። ቀጥሎ ስለ ሥራዋ ጠየቃችኋት። ሥራዋ የላምበረት መናኸሪያን አውቶቡስ ወንበር በስልክ የሚያስይዘው ፕሮግራም ነው፤ ለሚ ኩራ ካለችው ትንሽዬ ቢሯቸው ከባልደረባዋ ከኢዩኤል ጋር ስምንት ወር የለፉበት። እሷም እኔ ያሳደግኳት ልጅ ናትና፣ "ኢዩኤል ባይኖር አይሆንም ነበር፣ ሐሳቡ ደግሞ ያያቴ ነው" አለቻችሁ። እውነቷን ነው። ላምበረት ዐሥራ ሰባት ዓመት ሻይ ስሸጥ ያየሁትን ነው የነገርኳት፦ መንገደኛ ፌስታሉን ወንበሩ ላይ ጥሎ ይወርዳል፣ ሌላው ሰው ያንን ፌስታል ያከብራል፣ ባለቤቱ ከዘገየ ግን ፌስታሉ ይነሳል። ስልኩም እንደዚያ ያድርግ አልኳት፣ አደረገችው።

ጠያቂያችሁ ግን "እሱን ተይው፣ አንቺ ብቻሽን ምን ሠራሽ?" አላት። ሦስት ጊዜ ጠየቃት፣ ሦስቴም ሌላ ሰው አመሰገነችለት። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ይሄን እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ራሱን ያወደሰ የመጀመሪያው ፍጡር ኢብሊስ ነው እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝና ይሄ ጥፋት የኔ ነው፤ በእናንተ አላላክክም።

ሦስተኛ፣ ስለ ምሳው። "ይሄ ፈተና አይደለም፣ ዘና በይ" ብሎ ዓሣ የጋበዛት ጎልማሳ፣ ገና አንዴ ስትጎርስ፣ ከሥራ ባልደረቦችሽ ማን ያስቸግርሽ ነበር፣ ንገሪኝ አላት። ሰው ማማት የወንድምን ሬሳ መብላት ነው ተብላ ላደገች ልጅ በዓሣ ላይ ይሄን መደረቡ ቸርነት ነው። "ሁሉም ጥሩ ናቸው" አለችው። እሱም ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ፈተና ካልሆነ ምን ጻፈ? ዓሣው ጨው በዝቶበት ይሆናል።

አራተኛ፣ በአንድ ሳምንት እናሳውቅሻለን አላችሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጉዳይሽ እየታየ ነው የሚል መልእክት ላካችሁ፣ ከታቹም "ለዚህ መልእክት መልስ አይላኩ" ይላል። አልላክንም። ይኸው አራት ወር እየታየ ነው፤ ዓይናችሁን እንዳያማችሁ እሰጋለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር የለውም።

ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ሀጀር ከግድግዳው ጋር ታወራለች። ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ጸሐይ በመስኮቱ ስትዘቀዝቅ፣ የእንግዳ ካርዱን አንገቷ ላይ ታጠልቃለች፤ ለካስ ያን ቀን ሳትመልሰው ወጥታለች። ግድግዳው ፊት ትቆምና ዝም ትላለች፣ ልክ ሰው ጠይቆ እስኪጨርስ የሚፈጀውን ያህል። ከዚያ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ትመልሳለች። ግድግዳው ላይ ጽፋ በመዳፏ ትጠርጋለች፣ የጠረገችበት ቦታ ጠቁሯል። ለእኔ የማይታየኝን ሰው ደስ ለማሰኘት ትንሽ ትስቃለች። አሁን አሁን ዝም ስትል፣ ዝምታው ውስጥ ያለውን ጥያቄ እኔም መስማት ጀምሬያለሁ።

ጎረቤት ጂን ነው አለ። ሼኽ ጠርቼ ቁርኣን አስቀራሁባት፤ "ሐሚዳ፣ ይሄ ጂን አይደለም" አሉኝ። እኔም ጂን ቢሆን ይሻል ነበር አልኩ፤ ጂን እንኳ ሲቀራበት ስሙን ተናግሮ ይወጣል፣ እናንተ ስም የላችሁም።

ባለፈው ወር ኢዩኤል ሊጠይቃት መጣ። ቢሮ መሄድ ከተወች ሰንብታለች። ደጅ ቆሞ "ሀጁ! ኧረ ውጪ እንጂ፣ ወንበርሽ ላይ ፌስታል ጥዬ እየጠበቅኩሽ ነው!" አላት። እሷ ድምፁን ሰምታ ፊቷን ሳታዞር፣ ለግድግዳው "አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሰነፍ ነበር፣ ብቻዬን ነው የጨረስኩት" አለች። ልጁ ሰማ። ያመጣላትን ሙዝ ደጁ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

በማግስቱ መጋረጃው ጀርባ ምሳዋን ይዤ ቆሜ ነበር። "ሐሳቡ የራሴ ነው" አለች። ዝም አለች። "አይ፣ ማንም አልነገረኝም" አለች። አልከፋኝም ብል ወላሂ ውሸት ነው። የከፋኝ ግን ሐሳቡ ስለተወሰደብኝ አይደለም፤ ስትናገረው አልተንተባተበችም፣ አላፈረችም፣ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። ያን ቀን ብትሰሟት ኖሮ ትቀጥሯት ነበር።

የተከበሩ ሆይ፣ ባለቤቴ ሃይደር የወሎ መስመር ሾፌር ነበር። መኪናው ሲገለበጥ ሦስት ቀን ደበቁኝ፣ ሦስት ቀን ደጅ ደጁን እያየሁ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ግን ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው በሬን አንኳኩ። ፊታቸው እያፈረ ነገሩኝ። ጮኽኩ፣ ወደቅኩ፣ ሰው አነሳኝ፣ ከዚያ በኋላ ኖርኩ። እነዚያ ሽማግሌዎች ያልተማሩ ነበሩ፤ መርዶ ያልተነገረው ሰው ከሟቹ ጋር እንደሚቀበር ግን ያውቁ ነበር።

ስለዚህ የምለምንዎ ሥራ አይደለም። ሀጀር አትሆነንም ካላችሁ፣ ስም ያለው አንድ ሰው ይምጣና በሬን አንኳኩቶ "አልወሰድንሽም" ይበላት። በስልክም ይሁን፣ ብቻ ሰው ይሁን። እኔ ይዣት አለቅሳለሁ፣ ሦስት ቀን እንቀመጣለን፣ በአራተኛው ትነሳለች። ሐሳቡን ውሰዱት፣ ሐላል ብያችኋለሁ፤ ላምበረት ሌላም ብዙ ያየሁት አለኝ።

መስታወታችሁ ሁልጊዜ ያብራ፣ ሊፍታችሁ አይቁም፣ ልጆቻችሁም ደጅ ቆመው መልስ የሚጠብቁበት ቀን አይምጣባቸው እያልኩ፣ ዘጠነኛ ወለል ድረስ አንገቴን አቅንቼ፣ ከታች ከሶፋው ሆኜ እጅ እነሳለሁ።

ሐሚዳ አብዱልገኒ
የሀጀር አያት

ማስታወሻ፦ ቁጥር ዐሥራ አራትን ካርድ በአቶ አምላኩ እጅ ልኬላችኋለሁ፤ ንብረት ጎድሎ እንዳትጨነቁ ብዬ ስትታጠብ ከምስማሩ ላይ አንስቼው ነው። ዛሬ ብታጣው "እማ፣ የት አደረግሽው?" አለችኝ። ከግድግዳው ዞራ እኔን ስትጠይቀኝ ከሁለት ወር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ለባለቤቱ መለስኩት አልኳት። እኔ የእናንተን መልሻለሁ።