በገዳሙ የቀረው አኩፋዳ

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ እንዳላማው፤ ደብረ ወርቅ።

አባቴ ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት ያደርግዎታል? ያ ሳልስ ተወዎት ወይስ ማኅሌት ቆመው እንደገና ቀሰቀሱት? እናቴስ? ወንድሜ ባዘዘውስ? ላሟስ ወለደች? እኔ ስሙ ይመስገን፣ ናፍቆታችሁ ነው እንጂ ደህና ነኝ። እንዲያውም ወፍረሻል ይሉኛል።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «ከካቶሊኮቹ ገዳም ካልለቀቅሽ ለገና ደጄን እንዳትረግጪ» የሚለውን ሳነብ፣ ምን ልዋሽዎ፣ አልቅሻለሁ። እዚህ ሕፃናትን ፊደል አስቆጥራለሁ እንጂ ሃይማኖቴን ማን ነካብኝ? ዛሬም የምሳለመው ማርያምን ነው። ግን እንባዬን ሳልጠርግ የሚያስቅ ነገር ገጠመኝ፤ እባክዎ ሳይቆጡ ይስሙኝ።

ገዳሙን ከመሠረቱት ሦስት መነኮሳት በሕይወት ያሉት አባ አካለ ወልድ ብቻ ናቸው። እሳቸው የጻፉት የታሪክ መዝገብ አርጅቶ ስለተበጣጠሰ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል ብለው እንድገለብጠው ሰጡኝ። ጽሕፈቴ በማን ኩርኩም እንዳማረ እርስዎ ያውቃሉ!

መነኮሳቱ በ1959 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሲመጡ አገሬው በጥርጣሬ አያቸው። ሦስት ወር ሙሉ ደጃቸውን የረገጠ የለም። ሁለቱ ፈረንጆች እንላመድ ብለው፣ በእነሱ አቆጣጠር ልደት በሚውልበት በታኅሣሥ 16፣ በሬ አርደው ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። አማርኛ የሚችሉት አባ አካለ ወልድ ደብረ ማርቆስ ሄደዋል። የነቢያት ጾም መሆኑን ማን ይንገራቸው! ሰው ለአክብሮት መጥቶ ሥጋውን ሲያይ አማትቦ ብድግ አለ። አባ ሲመለሱ ያገኙት ሰው ሁሉ ሊበተን ሲል፣ ፈረንጆቹም በድንጋጤ ፊታቸው ቀልቶ ነው።

ያኔ አንድ ለቁራሽ የመጣ የቆሎ ተማሪ፣ የለመነውን የሚይዝበትን አኩፋዳውን አንግቶ ወጣ። «በእንተ ስማ ለማርያም! ዛሬ የምለምነው ለራሴ አይደለም፤ እንግዶቻችን አፍረዋል፣ የጾም ምግብ ያላችሁ አውጡላቸው!» እያለ ቤት ለቤት ዞረ። ሴቱ እየሳቀ ሽሮውን ከነድስቱ፣ ቆሎውን በሰፌድ ይዞ መጣ። መነኮሳቱና አገሬው አብረው በሉ። በሬውማ ቋንጣ ሆኖ ገናን ጠበቀ። በማግስቱ ወንዱ ለገዳሙ መሠረት ድንጋይ ሲያመላልስ ዋለ። እስከ ዛሬም ታኅሣሥ 16 በገዳሙ እሳት አይነድም፤ መነኮሳቱን የሚያበላው ጎረቤት ነው።

የተማሪው ስም ተጽፏል፤ «እንዳላማው፣ የድጓ ተማሪ፣ የደብረ ወርቅ ልጅ፤ ሲያፍር ጆሮውን ያካል» ይላል። ጉድ እኮ ነው አባቴ! እዚህ አገር ድጓ ተምሬያለሁ ሲሉን ይህን መቼ ነገሩን?

ልጅዎ መሆኔን ስነግራቸው አባ እንባቸው መጣ። ያን ቀን እርስዎ ረስተውት የሄዱትን አኩፋዳ ከሣጥን አወጡ። ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል እንጂ ደህና ነው።

ቃልዎን አልሽርም፤ ልቀቂ ካሉኝ እለቃለሁ። አኩፋዳውን ግን አልልክልዎትም። ታኅሣሥ 16 ራስዎ መጥተው ይውሰዱ፤ ሽሮውን እኔ እሠራለሁ። አብረው በልተው፣ ያንኑ ቃል ከደገሙልኝ፣ ጓዜን ይዤ አብሬዎት እመለሳለሁ።

እናቴን ሥራነሽን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ባዘዘውን እህትህ የገዛችልህ ጫማ አለ ይበሉት። አክስቴን ወለተ ኢየሱስን በጸሎትሽ አትርሺኝ ይበሉልኝ። አባ አካለ ወልድም ሰላም ብለውዎታል። «ያ ተማሪ ዛሬም ጆሮውን ያካል?» ብለው ጠየቁኝ። ሲመጣ ያዩታል ብያቸዋለሁ፤ አደራ፣ እንዳያሳፍሩኝ።

ልጅዎ ፍቅርአዲስ እንዳላማው
ዋንዛ ሜዳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2001 ዓ.ም.